ውሃው ያምራል ይላሉ

እትዬ ዘነበች ኮል ያደረጉልኝ ጧት ሥራ ልሄድ መኪናዬን አስነስቼ ሳለሁ ነው። "ሂሩት፣ ጋሼሽ ሄዱ" አሉኝ። "ሻይ ላመጣላቸው ኩሽና ገብቼ ስመለስ አልፈዋል።" አላለቀሱም፤ ድምፃቸው የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። እኔ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። እሳቸው ቀጠሉ፦ "ቀብሩ ቅዳሜ ነው። ከቀብር መልስ አዳራሽ ውስጥ ስለ እሳቸው ማን ይናገር ሲባል ሁሉም አንቺን ጠራ። ያን የባሕሩን ታሪክ ንገሪልን። አንቺ ስትነግሪው ነው የሚያምረው።"

እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ሞተሩን አጥፍቼ የጋራዡን በር መልሼ ዘጋሁ። እውነታቸውን ነው፤ አሳምሬዋለሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በየክርስትናው፣ በየልደቱ ስነግረው፣ ጋሼ ደምሴ እዚያው ተቀምጠው እየሰሙኝ፣ አንዱን ቦታ ስሞርደው፣ ሌላውን ስቀባው ኖሬያለሁ።

አሁን እንደሆነው ልጻፈው። ከአርባቸው በኋላ እትዬ ዘነበች "አሁን ጻፊው" ብለውኛል። ለምን የእሳቸው ፈቃድ እንዳስፈለገኝ ስጨርስ ግልጽ ይሆናል።

ጋሼ ደምሴን ያወቅኳቸው በሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ያኔ ኮለምበስ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ የነበርነው ሐበሾች አንድ ሳሎን የሚበቃን ነበርን። ከከተማው ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ እኔ የምግብ አዳራሽ አስተናጋጅ ነበርኩ፤ እሳቸው ምድር ቤት ላውንድሪ፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ይሠሩ ነበር። እኔ ሃያ አራት ዓመቴ፣ እሳቸው ሃምሳ ሊደፍኑ ጥቂት የቀራቸው።

አገር ቤት ሳሉ ሃያ ዓመት ያህል ምጽዋ ላይ ሠርተዋል፤ መጀመሪያ ጀልባ ነጂ፣ ኋላ ውሃ ውስጥ ገብቶ የመርከብ ሆድ የሚጠግን ጠላቂ። ጦርነቱ ሲብስ በጀልባ ወደ ጅቡቲ አመለጡ፤ ከዚያ ኮለምበስ ገቡ። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ጅቡቲ የደረሱት እሳቸው ወደዚህ ከመጡ በኋላ ነው። ጋሼ ደምሴ ጣልያንኛና ዓረብኛ ይቀናቸዋል፤ እንግሊዝኛቸው ግን "ኖ ፕሮብሌም" እና "ቱሞሮው" ነበር። ሱፐርቫይዘሩ ሲያናግራቸው ሁለቱን እያቀያየሩ ይመልሱለታል፤ ብዙውን ጊዜ ይገጥማል።

ጧት ጧት የጭነት መኪና በሚቆምበት በር ወጥተው ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ሽቅብ ይይዙና "ከሰዓት በረዶ አለ" ይላሉ። ቴሌቪዥኑ ፀሐይ ነው ቢልም ከሰዓት በረዶ ይወርዳል። "ባሕር ወሬ አይወድም፣ ዓይን ነው የሚወደው" ይሉኝ ነበር። ደግሞ ከመናገራቸው በፊት ኮፍያቸውን የማውለቅ ልማድ ነበራቸው። ለአለቃም ለእኔም እኩል ያወልቃሉ፤ ጨርሰው ዝም ሲሉ መልሰው ይደፉታል።

ሚስ ዶሪስ የምትባል የመኖሪያው ነዋሪ ነበረች፤ ጡረታ የወጣች የባዮሎጂ መምህርት፣ ሰባ ስድስት ዓመቷ፣ ቀጭን፣ ነገረኛ፣ ሳቂታ። አንድ ቀን የጠፋባትን ሹራብ ፍለጋ ምድር ቤት ስትወርድ ጋሼ ደምሴ በሸሚዝ ካርቶን ጀርባ ላይ በእርሳስ ዓሣ ሲስሉ አገኘቻቸው። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ትወርድ ጀመር። እሳቸው ይስላሉ፤ እሷ የዓሣውን ስም በእንግሊዝኛ ትጠራለች፤ እሳቸው በዓረብኛ ይመልሳሉ። ሲያልቅ ካርቶኑን አንሥታ "ቢዩቲፉል፣ ሚስተር ደምሴ፣ ቢዩቲፉል" ትላለች። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ፈገግ ይላሉ። የክፍሏን ግድግዳ በእሳቸው ዓሦች ሞላችው።

ከመኖሪያው ሰዎች አቅም ያላቸው በየዓመቱ በብርዱ ወራት ወደ ሙቅ አገር ጉዞ ይሄዱ ነበር። በዚያ ዓመት የተመረጠው በትንሽ መርከብ ቨርጂን ደሴቶችን መዞር ነው፤ አእዋፍና የባሕር እንስሳት ማየት፣ ስኖርክል ማድረግ። ጉዞውን የምታዘጋጀው ካረን የምትባል ሴት ሻንጣ የሚያነሡና አዛውንቶቹን የሚደግፉ ሁለት ሠራተኞች ትወስዳለች። እኔን እንግሊዝኛዬ ጥሩ ስለሆነ መረጠችኝ። ሚስ ዶሪስ ደግሞ "ሚስተር ደምሴ ካልሄደ እኔም አልሄድም" አለች።

ዜናውን ላውንድሪ ወርጄ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ኮፍያቸውን አውልቀው የቆሻሻ ልብስ ቅርጫት ላይ ተቀመጡ።

"ጨው ውሃ ነው?" አሉኝ።

"ጨው ውሃ ነው ጋሼ።"

አንድ አንሶላ ጭናቸው ላይ ዘርግተው ማጠፍ ያዙ።

በዚያ ሰሞን እትዬ ዘነበችን ከጅቡቲ ወደዚህ የማምጣቱ ጉዳይ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። የቀረው ጋሼ ደምሴ ቋሚ ሥራ እንዳላቸው የሚያስረዳ የአሠሪ ደብዳቤ ብቻ ነው። ካረን ከጉዞ ስንመለስ አጽፍለታለሁ ብላ ቃል ገብታለች። እኔም የራሴ ነገር ነበረኝ። ኦፊስ ውስጥ አንድ ቦታ ሊከፈት ነው፤ ካረን "በጉዞው ላይ አይሻለሁ" ብላኛለች። ትሪ መሸከም ሰልችቶኝ ነበር፤ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስልክ ማንሣት ፈለግኩ። ምኞቴ ይኼው ነበር፤ ከዚህ የሚበልጥ ቢሆን ኖሮ ታሪኩን መናገር ይቀለኝ ነበር።

መርከቧ ሃያ ሰው የምትይዝ ነጭ መርከብ ነበረች። ጧት ሁሉም የሩቅ ማያ መነጽሩን ይዞ ፎቁ ላይ ይወጣል። ፔሊካን የሚባለው ትልቅ ወፍ ከሰማይ እንደ ድንጋይ ተወርውሮ ውሃ ውስጥ ሲገባ አዛውንቶቹ እንደ ሕፃን ይጮኻሉ። ከቁርስ በኋላ ስኖርክል ነው፦ መነጽር ፊት ላይ ያጠልቃሉ፣ ቱቦ በጥርሳቸው ይነክሳሉ፣ ፊታቸውን ውሃ ውስጥ ደፍተው ከላይ ተንሳፍፈው ዓሣውን ያያሉ። እኔ መዋኘት ስለማልችል ፎጣ ይዤ ጀልባ ላይ እጠብቃለሁ። ጋሼ ደምሴም ሠራተኛ ስለሆኑ ውሃ መግባት አይፈቀድላቸውም።

ባይገቡም ሌላ ሰው ሆኑ። ምድር ቤት አጎንብሰው የማውቃቸው ሰውዬ ጀርባቸው ቀና አለ። ባዶ እግራቸውን ይሄዳሉ፤ የጀልባ ዘፈን ያዜማሉ፤ ምሳ ላይ የዓሣውን ጭንቅላት በእጃቸው ፈልቅቀው ይመጥጣሉ። እኔ አፈርኩባቸው። "ጋሼ፣ ኧረ ጫማ ያድርጉ! ሰው ያያል" አልኳቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው "እሺ ልጄ" አሉና አደረጉ።

አስጎብኚያችን ብራያን የሚባል ወጣት ነበር። ኤሊ ትንፋሽ ልትወስድ አፍንጫዋን ስታወጣ ጋሼ ደምሴ ያለ መነጽር ከእሱ ቀድመው ያያሉ። "ከዚያ ከጥቁሩ ድንጋይ በስተግራ፣ አሁን ትወጣለች" ይሉኛል። መጀመሪያ ቀን "ሚስተር ደምሴ እንዲህ ይላል" እያልኩ ተረጎምኩ። ሁለተኛው ቀን "ይላል" የሚለውን ተውኩት። በጣቴ እያመለከትኩ "እዚያ ጋ፣ ኤሊ!" አልኩ። ሁሉም ዞሮ አየኝ፤ አንዱ ሽማግሌ "ይቺ ልጅ የንስር ዓይን አላት" አለ። ካረን ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ጋሼ ደምሴ አጠገቤ ቆመው ደስ ብሏቸው ይስቁ ነበር፤ ምን እንደተባለ አልገባቸውማ።

በዚያው ቀን ካረን ለብቻዬ ጠርታ "ደምሴ ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ድምፁ ይበዛል፤ እንግዶቹ እንዳይጨነቁ አንቺ ያዢልኝ" አለችኝ። እሺ አልኩ።

ሦስተኛው ቀን ጧት በትንሿ የሞተር ጀልባ ወደ አንዲት ሰው አልባ ደሴት ሄድን። ስምንት ስኖርክል የሚያደርጉ፣ ብራያን፣ ጀልባ ነጂው፣ ካረን፣ እኔና ጋሼ ደምሴ። ብራያን ኤሊዎቹ ሣር የሚግጡት ከደሴቲቱ ጫፍና ከአንድ ብቸኛ ድንጋይ መሐል ነው ብሎ ጀልባዋን እዚያ አስቆመ። ሰዎቹ መነጽራቸውን ማጥለቅ ጀመሩ። ሚስ ዶሪስ የመጀመሪያዋ ነበረች።

ጋሼ ደምሴ ተነሥተው ውሃውን አዩት። ከዚያ ኮፍያቸውን ሳያወልቁ መናገር ጀመሩ።

"እዚህ አይሆንም! ውሃው ወደ ውጭ ይጎትታል። ከድንጋዩ ወዲያ አረፋው ሲሰበር አታዪም? አሁን እዚህ ሰው አይገባም። ንገሪያቸው!" ድምፃቸው ከፍ አለ። የብራያንን ክንድ ያዙት። "ንገሪያቸው ሂሩት!"

ሁሉም ቆሞ አየን። ካረን ፊቷን አጨማደደች። ብራያን ፈገግ ለማለት እየሞከረ "ምን ይላል?" አለኝ።

ሦስት ሰከንድ አይሞላም። ዓይኔ ያየው ውሃ ጸጥ ያለ፣ እስከ ታች የሚታይ ውሃ ነው። ጋሼ ደምሴ እንደገና ሊያሳፍሩኝ ነው ብዬ አሰብኩ። የላውንድሪ ሠራተኛ ለአስጎብኚ ሥራውን ሊያስተምር ነው፤ አፉ ግን የእኔ አፍ ነው። ካረን ታየኛለች።

"ውሃው ያምራል ይላሉ" አልኩ በእንግሊዝኛ። "ቢዩቲፉል ነው፤ አገሩን አስታወሰው።"

ሰዎቹ "እሰይ" ዓይነት ድምፅ አሰሙ። ሚስ ዶሪስ የጋሼ ደምሴን እጅ ጨበጠችና መሰላሉን ወረደች።

"ነገርሻቸው?" አሉኝ።

"ነገርኳቸው ጋሼ። እናውቃለን፣ አታስቡ አሉ።"

አስተውሉልኝ፤ ሁለት ጊዜ ነው የዋሸሁት። በሁለቱም ቋንቋ።

ሩብ ሰዓት ያህል ደኅና ነበር። ከዚያ የሚስ ዶሪስ ቢጫ ቱቦ ከሌሎቹ ሲለይ አየሁ። መጀመሪያ ኤሊ እየተከተለች መሰለኝ። ጭንቅላቷን አወጣች፣ እጇን አነሣች፣ ወደ እኛ ልትዋኝ ሞከረች፤ እየዋኘች ራቀች። ብራያን በሌላ በኩል ቱቦዋ ውሃ የገባባትን ሴትዮ ይዞ ነበር። ጀልባ ነጂው ሰዎች በዙሪያው ስለነበሩ ሞተር ማስነሣት ፈራ።

ጋሼ ደምሴ ማንንም አልጠየቁም። ከነልብሳቸው ገቡ። እንዲህ ዓይነት ዋና ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም፤ ውሃውን አይመቱትም፣ ውሃው ራሱ ያቀብላቸዋል። ሲደርሱባት ወደ እኛ ሊመልሷት አልታገሉም። በጀርባዋ አስተኝተው አገጯን ይዘው ከውሃው ጋር ሄዱ፤ ከድንጋዩ ወዲያ፣ ከዓይናችን ወጡ። ካረን ትጮኻለች። እኔ የሚስ ዶሪስን ፎጣ አፌ ላይ ይዤ ነበር። ጀልባዋ ሰዎቹን ሰብስባ ዞራ ስታገኛቸው ጋሼ ደምሴ ከደሴቲቱ ጀርባ ውሃው በሚያርፍበት ቦታ የድንጋዩን ጠርዝ በአንድ እጃቸው ጨብጠው፣ በሌላው ሚስ ዶሪስን ይዘው ነበር። እሷ ታስታውካለች፤ በሕይወት አለች። የእሳቸው ቀኝ እግር ከቁርጭምጭሚት እስከ ተረከዝ በስለታም የኮራል ድንጋይ ተተልትሏል።

ከሰዓት በኋላ መርከቡ ላይ ካፒቴኑ ጠራን። ብራያን ፈርቶ ነበር፤ ልጅ ነው። ሴትዮዋን ሊያመጣት ሲል ሰውዬው ዘሎ ገብቶ እንዳደናገጣትና ወደ ድንጋዩ እንደወሰዳት ተናገረ። ካፒቴኑ ሠራተኛ ውሃ መግባቱ ደንብ መጣስ ነው፣ ኢንሹራንሱ አይሸፍንም አለ። ከዚያ ካረን ወደ እኔ ዞረች።

"እንግዶቹ ውሃ ከመግባታቸው በፊት ደምሴ ሲጮኽ የነበረው ምን ብሎ ነው?"

ጋሼ ደምሴ እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሎ አጠገቤ ተቀምጠዋል፤ ኮፍያቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። እውነቱን ብናገር ጥፋቱ የብራያንና የእኔ ይሆናል። እሳቸው ነፃ ይወጣሉ።

"እንዳልኩት ነው፤ ውሃው ያምራል ነው ያለው" አልኩ።

በማግስቱ ሁሉም ወደ ሌላ ደሴት ሲሄድ ጋሼ ደምሴ ከመርከብ እንዳይወርዱ ተከለከሉ። ቁርሳቸውን ይዤላቸው ወጣሁ። ጥላ ሥር ተቀምጠው ባሕሩን ያዩ ነበር። ሳይዞሩ ጠየቁኝ።

"ቢዩቲፉል ማለት ምን ማለት ነው?"

"ያምራል ማለት ነው ጋሼ" አልኩ።

"እኔም መስሎኝ ነበር" አሉ።

ቁርሳቸውን ተቀበሉኝ፣ አመሰገኑኝ፣ በሉ። ስለዚያ ነገር ከእኔ ጋር የተነጋገሩት የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ይኼ ነው።

ኮለምበስ በተመለስን በሁለተኛው ሳምንት ከሥራ አሰናበቷቸው። ሚስ ዶሪስ ኦፊስ ድረስ ሄዳ ጠረጴዛ ደበደበች፤ "ሕይወቴን ያተረፈልኝን ሰው!" አለች። አመሰግናለን፣ ግን ደንብ ነው አሏት። አንድ ቀን ምሳ ሳቀርብላት እጄን ያዘችኝ። "ሂሩት፣ እኔ እኮ ፊቱን አይቼዋለሁ። ያ የናፍቆት ፊት አልነበረም። ሌላ ነገር አላለም?" አለችኝ። "አላለም" አልኳት። ዶሮ አልጮኸም እንጂ ጋሼን ስክዳቸው ሦስተኛዬ ነበር። ሚስ ዶሪስ በዓመቱ አረፈች።

ደብዳቤው አልተጻፈም። ጋሼ ደምሴ ሾርት ኖርዝ በሚባለው ሠፈር የምግብ ቤት ዕቃ አጠቡ፤ መኪና አጠቡ፤ በየቦታው ጊዜያዊ ነበሩ። ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ ይሄዱ ነበር። እትዬ ዘነበች ኮለምበስ የገቡት ሊገቡ ከነበረበት ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ዘግይተው ነው። ኤርፖርት አበባ ይዤ የጠበቅኳቸው እኔ ነኝ። ያኔ ኦፊስ ከገባሁ ቆይቻለሁ፤ አበባ መግዣ አላጣሁም።

ታሪኩን ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገርኩት በአንድ ክርስትና ላይ ነው። አንድ ሰው እግራቸው ምን ሆኖ ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ ባሕሩን፣ ኤሊውን፣ የሴትዮዋን መወሰድ ተረኩ። ማስጠንቀቂያው ላይ ስደርስ አፌ በራሱ ሄደ፦ "ተረጎምኩላቸው፤ ፈረንጆቹ ግን እናውቃለን ብለው አልሰማ አሉ!" ቤቱ በቁጣና በኩራት ተናወጠ። ጋሼ ደምሴን አየኋቸው። ኮፍያቸውን አወለቁ። ሊናገሩ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ኮፍያውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩና ዝም አሉ።

ከዚያ በኋላ ሰው ሲጠይቃቸው "ሂሩት ትንገራችሁ፤ አስተርጓሚዬ እሷ ነበረች" ይሉ ጀመር። ይቅርታ ይሁን ቅጣት ዛሬም አላውቅም። ሠርጌ ላይ በአባቴ ቦታ የቆሙት እሳቸው ናቸው።

የቀብሩ ዋዜማ፣ ዓርብ ከሰዓት እትዬ ዘነበች ዘንድ ሄድኩ። ሳሎኑ በለቀስተኛ ተሞልቷል። መኝታ ቤት ይዣቸው ገብቼ በሩን ዘጋሁና አሁን የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። የጋሼ ደምሴ የቀብር ሸሚዝ አልጋው ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ኮሌታውን በእጃቸው ያስተካክሉ ነበር።

"ወደዚህ ለመምጣት ለምን ዘገየሁ ብዬ ስጠይቃቸው 'እንግሊዝኛ ባለመማሬ ነው' ይሉኝ ነበር" አሉ በመጨረሻ። ቀጥለው፦ "ስመጣ አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር።"

ጋሼ ደምሴና እትዬ ዘነበች ልጅ የላቸውም።

መሬት ላይ ተንበረከክሁ። "ነገ ለሁሉም እናገራለሁ" አልኳቸው። "አዳራሹ ፊት ቆሜ እንደሆነው አድርጌ..."

"አትናገሪም።" ድምፃቸው ከፍ አላለም። "ታለቅሻለሽ። ሰው ከቦ ያባብልሻል። አይዞሽ ልጅ ነበርሽ ይሉሻል፣ ይቅር ይሉሻል፣ ቀሎሽ ትሄጃለሽ። ነገ የእሳቸው ቀን ነው። ጊዜው ሲደርስ እኔ እነግርሻለሁ። ተነሺ።"

በማግስቱ ከቀብር መልስ ሞርስ ሮድ በሚባለው መንገድ ላይ ባለው አዳራሽ ውስጥ "ሂሩት ድምፅዋ ጠፍቷል" ተባለና በእኔ ቦታ አቶ ግርማ የሚባሉ የሠፈር ሰው ተናገሩ። ታሪኩን ከእኔ ደጋግመው የሰሙ ናቸው። ቃል በቃል የእኔ ነበር፤ እጃቸውን እንኳ እኔ በማነሣበት ቦታ ያነሡ ነበር። "ፈረንጆቹ ግን እናውቃለን አሉ!" ሲሉ አዳራሹ አጉረመረመ። እትዬ ዘነበች ከፊት ረድፍ ተቀምጠው ወለሉን ያያሉ።

አጠገቤ እዚህ ተወልዳ ያደገች አንዲት ወጣት ተቀምጣለች። ዓይኗን እየጠረገች ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና በእንግሊዝኛ "የተረጎምሽላቸው አንቺ ነሽ አይደል?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት። "እኔ ነኝ።"

እጄን አንሥታ ሳመችው።